የከዋክብት እንቆቅልሽ፦ አገር ሳትሰጡ እንዴት እንደምትፈቱ

«እንቆቅልህ!» «ምን አውቅልህ!» እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰው ጎበዝ ነው። ጥያቄው ስለ ኮከብ ሲሆን ግን አብዛኛው ሰው የመጀመሪያውን መስመር ሰምቶ መልስ ይወረውራል። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አይጠብቅም። መልሱ ሲሳሳት ደግሞ ወዲያው አገር ይሰጣል።

ችግሩ የእውቀት ማነስ አይደለም። ሲሪየስን፣ አልደባራንን፣ ኦሪዮንን በስም የሚያውቁ ልጆች ሲሸነፉ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የጎደላቸው ቅደም ተከተል ነው። ስለዚህ ከታች ያለውን ሁሉ ስታነቡ አንድ ነገር አትርሱ፦ መልሱ እያንዳንዱን መስመር ማለፍ አለበት። አንዱ መስመር ከጣለው፣ የቱንም ያህል ቢያምር መልስ አይደለም።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልጉ ነገሮች

ወረቀትና እርሳስ ያዙ። በጭንቅላት ብቻ ለመፍታት አትሞክሩ፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርሱ የመጀመሪያው ይጠፋችኋል።

ስቴላሪየም የሚባለውን የሰማይ ካርታ ፕሮግራም ጫኑ። ለኮምፒውተር በነፃ ይገኛል፣ ለስልክም አለ። ስትከፍቱት መጀመሪያ ያላችሁበትን ከተማ አስገቡ። ይህን ከዘለላችሁ የሌላ አገር ሰማይ ያሳያችኋል። ቀኑንም ወደፊትና ወደኋላ እየወሰዳችሁ ተለማመዱ።

ከዚያ በኮከብ ቆጠራ የሚታወቁትን የአሥራ ሁለቱን ኮከቦች ስም ከነትርጉሙ ወረቀቱ ጀርባ ላይ ጻፉ፦ ሐመል (በግ)፣ ሠውር (በሬ)፣ ገውዝ (መንትያ)፣ ሸርጣን፣ አሰድ (አንበሳ)፣ ሰንቡላ (ድንግል)፣ ሚዛን፣ አቅራብ (ጊንጥ)፣ ቀውስ (ቀስተኛ)፣ ጀዲ (ፍየል)፣ ደለዊ (ውሃ ቀጂ)፣ ሑት (ዓሣ)።

የፊደላቸውንም ብዛት አጠገባቸው አስቀምጡ። ባለ ሁለት ፊደል ሁለት ብቻ ናቸው፦ ጀዲና ሑት። ባለ አራት ፊደል ሦስት ናቸው፦ ሸርጣን፣ ሰንቡላ፣ አቅራብ። የቀሩት ሰባቱ ባለ ሦስት ናቸው። «ስሜ ሁለት ፊደል ነው» የሚል እንቆቅልሽ ሲመጣ ከአሥራ ሁለቱ አሥሩን በአንድ ጊዜ ትሰርዛላችሁ።

ደረጃ 1፦ እንቆቅልሹን ጻፉና መስመር በመስመር ቁረጡት

ጠያቂው እስኪጨርስ ዝም በሉ። ከዚያ እንደሰማችሁት ጻፉት፣ ቃል አትቀይሩ። እስከ መጨረሻው በዚህኛው እንሥራ፦

«ከሰባቱ እህቶች ኋላ ኋላ እሄዳለሁ፣
በበሬው ፊት ላይ ቀልቼ እታያለሁ፣
ከጎረቤቶቼ ጋር ዘመድ እመስላለሁ፣
ግን ከእነሱ ተለይቼ ወዲህ እቀርባለሁ።»

አራት መስመር፣ አራት ፍንጭ። ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት ባዶ ቦታ ተዉ።

ማስጠንቀቂያ፦ የመጀመሪያው መስመር ብዙ ጊዜ ወጥመድ ነው። እዚህ ላይ «ሰባቱ እህቶች» ሲባል የሰማ ሁሉ «ፕልያዲስ!» ብሎ ይጮሃል። መስመሩ ግን «ኋላ ኋላ እሄዳለሁ» ነው የሚለው። ከእነሱ በኋላ የሚሄድ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።

ደረጃ 2፦ የተጠየቀው ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ለዩ

ይህ ደረጃ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነው። ምክንያቱ ደግሞ የራሳችን ቋንቋ ነው። በአማርኛ «ኮከብህ ምንድን ነው?» ሲሉን «አሰድ» እንላለን። አሰድ ግን አንድ ኮከብ አይደለም፣ የብዙ ኮከቦች ስብስብ ነው። እንቆቅልሹ «ኮከብ» ካለ ሁለቱንም ሊሆን ስለሚችል፣ ወረቀታችሁ ላይ ከእነዚህ አንዱን ምረጡ፦

- አንድ ኮከብ
- ህብረ ኮከብ (አንበሳ፣ በሬ፣ ጊንጥ የመሰለ ሥዕል፤ በዓለም አቀፍ ስምምነት 88 አሉ)
- ዘለላ (እንደ ሰባቱ እህቶች አንድ ላይ የተወለዱ ኮከቦች)
- ፕላኔት

ለፕላኔት መለያው እንቅስቃሴ ነው። «እዞራለሁ»፣ «ሰፈር እቀያይራለሁ»፣ «ዛሬ በሬው ጋ፣ ከርሞ መንትያዎቹ ጋ» ካለ ፕላኔት ነው። የአጥቢያ ኮከብ የምንላትም ቬነስ ናት፣ ኮከብ አይደለችም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል።

እኔ ራሴ የተሰናከልኩበትን ልንገራችሁ። መብራት የጠፋ ምሽት ነበር። ግቢ ውስጥ ምንጣፍ አንጥፈን ከእህቴ ልጆች ጋር ተጋድመናል። ታናሽየዋ «ከኮከብ ሁሉ ለእኛ የቅርቡ ማነው?» አለችኝ። በሙሉ ልብ «ፕሮክሲማ ሴንታውሪ፣ 4.24 የብርሃን ዓመት» አልኳት (የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው)። ትንሽ ዝም አለችና «አጎቴ፣ ፀሐይስ?» አለችኝ። ትክክል ናት። ፀሐይ ኮከብ ናት፣ ብርሃኗም በ8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ገደማ ይደርሰናል። ጥያቄው «የሌሊት ኮከብ» አላለም። ከዚያ ወዲህ ዝርዝሬ ላይ ፀሐይን መጀመሪያ እጽፋለሁ፣ እናንተም ጻፉ።

ወደ እንቆቅልሻችን ስንመለስ፣ «በበሬው ፊት ላይ ቀልቼ» ይላል። በሬው ራሱ አይደለም፣ በሬው ላይ ያለ አንድ ነገር ነው። ስለዚህ «ሠውር» ብሎ የመለሰ ተሳስቷል። የምንፈልገው አንድ ኮከብ ነው።

ደረጃ 3፦ የስም ፍንጮችን ፍቱ

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ትልቅ እድል አለው፣ ግን አይጠቀምበትም። አብዛኛዎቹ ደማቅ ኮከቦች ስማቸው ከዐረብኛ ነው የመጣው። ዐረብኛና ግዕዝ ደግሞ ዘመዳሞች ናቸው። የእኛ የአሥራ ሁለቱ ስሞችም ከዚያው ምንጭ ናቸው። ዱባይ፣ ሪያድ ወይም ቤሩት የኖራችሁማ ግማሹን ሳትሸመድዱ ታውቁታላችሁ።

እነዚህን ቁልፎች ያዙ፦

- ደነብ ጅራት ነው፣ በግዕዝ «ዘነብ» የሚለው ማለት ነው። ደነቦላ የአንበሳው ጅራት፣ ደነብ አልገዲ የፍየሉ ጅራት (የእኛው «ጀዲ»)። ደነብ ብቻውን ሲሆን ግን የሌላ ህብረ ኮከብ፣ የስዋኗ ወፍ ጅራት ነው። እነዚህን አታደባልቁ።
- ራስ ያው ራስ ነው። ራስ ኤልአሰድ የአንበሳው ራስ፣ ራስ አልሃግ የእባብ ያዡ ራስ።
- አይን ዓይን ነው። በሠውር ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራ ኮከብ አለ።
- ሪጅል እግር። የኦሪዮን እግር ላይ ያለው ሰማያዊ ነጭ ኮከብ።
- ቀውስ ቀስት። በቀስተኛው ውስጥ ሦስት «ቀውሶች» አሉ፤ የደቡቡ፣ ቀውስ አውስትራሊስ፣ ከህብረ ኮከቡ ሁሉ ደማቁ ነው።
- ሐመል የበጉ ደማቅ ኮከብ ስም ነው፤ አክራብ ደግሞ በጊንጡ ውስጥ ያለ የአንድ ኮከብ ስም። ስለዚህ «ሐመል» የሚለው መልስ ህብረ ኮከቡም ኮከቡም ሊሆን ይችላል። ደረጃ 2 ላይ የመረጣችሁትን ተመልከቱ።

ከሁሉ የምወደው ሰንቡላ ነው። ሁላችንም «ድንግል» ብለን እንተረጉመዋለን። ቃሉ ግን በዐረብኛ የእህል ዛላ ማለት ነው። የዚያች ህብረ ኮከብ ደማቅ ኮከብ ስፓይካ ይባላል፣ እሱም በላቲን የእህል ዛላ ነው። ድንግሊቱ በሥዕሉ ላይ በእጇ ዛላ ይዛለች። እንቆቅልሽ ውስጥ «ዛላ»፣ «እሸት»፣ «አዝመራ የያዘች ልጅ» ካያችሁ ወዲያው ሰንቡላንና ስፓይካን ጻፉ።

ከግሪክ የመጡም አሉ። አንታሬስ «የማርስ ተፎካካሪ» ማለት ነው፣ ምክንያቱም እንደ ማርስ ቀይ ነው። «ማርስ ይሉኛል፣ ግን ቦታ አልቀይርም፣ ልብ ነኝ ለጊንጡ» ከተባለ እሱ ነው። «ቦታ አልቀይርም» የሚለው ቃል ፕላኔቱን ይጥለዋል፣ «ልብ» የሚለው ደግሞ ኮከቡን ያጸናዋል።

አሁን የእኛን እንቆቅልሽ ሞክሩት። «ኋላ ኋላ እሄዳለሁ» የስም ፍንጭ ነው። አልደባራን በዐረብኛ «ተከታዩ» ማለት ነው፤ ሰባቱ እህቶች ከወጡ በኋላ እየተከተለ ይወጣልና። ግን አትቸኩሉ። አይን የሚባለውም ኮከብ እዚያው በሬው ፊት ላይ ነው፣ እሱም ከሰባቱ እህቶች በኋላ ነው የሚወጣው። ሁለቱንም ጻፉ። ለጊዜው ሁለት እጩ አለን።

ደረጃ 4፦ የጊዜና የቦታ ፍንጮችን ፈትሹ

*ቀን ሲጠቀስ።* ይህን እዩ፦

«እንቁጣጣሽ ሲባል ፀሐይ እኔ ጋ ናት፣
በልቤ ውስጥ ያለው ትንሽ ንጉሥ ናት።»

ኮከብ ቆጠራ የሚያውቅ ሰው «ሰንቡላ» ይላል፣ ምክንያቱም በቆጠራው መስከረም 1 የሰንቡላ ነው። እውነተኛው ሰማይ ላይ ግን ፀሐይ ከነሐሴ 4 እስከ መስከረም 6 ገደማ ያለችው አንበሳው ውስጥ ነው። የምድር ዘንግ ቀስ እያለ እንደ እንዝርት ስለሚዞር ሰማዩ ከቆጠራው ተንሸራቷል፤ በ72 ዓመት 1 ዲግሪ ያህል፣ አንድ ሙሉ ዙር ለመጨረስ ወደ 26,000 ዓመት። ታዲያ የትኛውን እንምረጥ? ሁለተኛውን መስመር ጠይቁ። የአንበሳው ልብ ላይ ያለው ሬጉለስ በላቲን «ትንሹ ንጉሥ» ነው። መልሱ አሰድ። ቀን ብቻውን ተሰጥቶ ሌላ መስመር ከሌለ ግን ጠያቂውን «በቆጠራው ነው ወይስ በሰማዩ?» ብላችሁ ጠይቁት፣ መብታችሁ ነው።

ሌላም አለ። ፀሐይ የገባችበት ህብረ ኮከብ በዚያ ሰሞን አይታይም፣ ከፀሐይ ጋር ወጥቶ ከፀሐይ ጋር ይጠልቃል። «መስከረም 1 ማታ አናቴ ላይ አየሁት» የሚል እንቆቅልሽ አንበሳው ሊሆን አይችልም። አንበሳው እኩለ ሌሊት ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው በየካቲት ነው።

*ሰዓት ሲጠቀስ።* የኢትዮጵያ ሰዓት ነው ወይስ የፈረንጅ? በጥምቀት ሰሞን አዲስ አበባ ላይ የኦሪዮን ቀበቶ ከአናት ትንሽ ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ ጫፍ የሚደርሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው። ይህን የፈረንጅ 4 ሰዓት ብላችሁ ከወሰዳችሁት ፀሐይ አልጠለቀችም። ስቴላሪየም ላይ ስታስገቡ 22 ሰዓት በሉት።

*ቦታ ሲጠቀስ፣ ወይም ሳይጠቀስ።* ብዙዎቹ እንቆቅልሾች ከአውሮፓ ቋንቋዎች ተተርጉመው ነው የሚመጡት። የተጻፉት ለሰሜኑ ሰማይ ነው። «ፈጽሞ አልጠልቅም፣ ሰባት ነን» ሲባል የታላቁ ድብ ሰባት ኮከቦች ናቸው፤ ስቶክሆልም ላለ ሰው እውነት ነው፣ አዲስ አበባ ላለ ሰው ግን ይጠልቃሉ። የሰሜን ኮከብም እኛ ጋ ከአድማስ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ከፍ የሚለው። እጃችሁን ወደፊት ዘርግታችሁ ጨብጡ፣ የጭብጣችሁ ስፋት 10 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ከዚያም ያንሳል። እንጦጦ ግርጌ ለሚኖር ሰው ተራራው ሊጋርደው ይችላል።

«ጊንጡና አዳኙ ኦሪዮን አይገናኙም፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይጠልቃል» የሚለውም እንዲሁ ነው። ሰሜን አሜሪካና አውሮፓ ላይ ይሠራል። እኛ ጋ ግን አንዱ በምሥራቅ፣ ሌላው በምዕራብ አድማስ ላይ ዝቅ ብለው ለአንድ ሰዓት ያህል አብረው ሊታዩ ይችላሉ። ስለዚህ «በሰማዬ አይቼዋለሁ፣ መልሱ ልክ አይደለም» ከማለታችሁ በፊት ስቴላሪየም ላይ ከተማውን ቀይራችሁ ሞክሩ።

ደረጃ 5፦ ቁጥሮችን አመሳክሩ

የብርሃን ዓመት ከተጠቀሰ፦ ሲሪየስ 8.6፣ ቬጋ 25፣ አልደባራን 65፣ ሬጉለስ 79፣ ስፓይካ 250 ገደማ፣ አንታሬስ 550 ገደማ። ፎማልሃውትም 25 ነው፣ ስለዚህ 25 ሲባል ሁለት እጩ ጻፉ። ለሩቆቹ ኮከቦች ቁጥሩ ትንሽ ቢለያይ አትደንግጡ።

የድምቀት ቁጥር ግልባጭ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምቀቱ ይጨምራል። ከዜሮ በታች የሆኑት የሌሊት ኮከቦች አራት ብቻ ናቸው፦ ሲሪየስ፣ ካኖፐስ፣ አልፋ ሴንታውሪ፣ አርክቱረስ።

በየህብረ ኮከቡ ያሉ ኮከቦች በግሪክ ፊደል ይጠራሉ፦ አልፋ አንደኛው፣ ቤታ ሁለተኛው። ግን «አልፋ» ማለት ሁልጊዜ «ደማቁ» ማለት አይደለም። መንትያዎቹ ውስጥ አልፋው ካስተር ነው፣ ደማቁ ግን ፖሉክስ ነው።

ደረጃ 6፦ እጩውን በእያንዳንዱ መስመር አሳልፉ

አሁን ወደ ወረቀቱ ተመለሱ። እጩዎቻችን አልደባራንና አይን ናቸው።

መስመር 1፣ ከሰባቱ እህቶች በኋላ መሄድ፦ ሁለቱም አለፉ። መስመር 2፣ በበሬው ፊት ላይ ቀልቶ መታየት፦ አልደባራን ደማቅ ቀይ ብርቱካናማ ስለሆነ በደንብ ያልፋል፤ አይን ደብዘዝ ያለ ነው፣ የጥያቄ ምልክት አድርጉበት። መስመር 3፣ ከጎረቤቶች ጋር ዘመድ መምሰል፦ የበሬው ፊት የ«ቪ» ቅርፅ ያለው ሃያዲስ የሚባል ዘለላ ነው፣ ሁለቱም እዚያ ውስጥ ያሉ ይመስላሉ። መስመር 4፣ ከእነሱ ተለይቶ ወዲህ መቅረብ፦ ሃያዲስ 150 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። አይን የዘለላው አባል ነው። አልደባራን ግን 65 ላይ ነው ያለው፣ ከእኛና ከዘለላው መሀል። ከሩቅ ስናየው ብቻ ነው ቤተሰብ የሚመስለው።

አይን ወደቀ። መልሱ አልደባራን። አራተኛውን መስመር ሳትጠብቁ መልሳችሁ ቢሆን ኖሮ በዕድል ነበር የምታገኙት።

ሲበላሽ ምን ታደርጋላችሁ?

*ሁለት መልስ ሁሉንም መስመር ካለፈ፦* ደረጃ 2ን ድገሙ። ብዙ ጊዜ አንዱ ኮከብ፣ ሌላው ህብረ ኮከብ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

*አንድ መስመር ብቻ ከጣለው፦* መልሱን ከመጣላችሁ በፊት ሦስት ነገር ፈትሹ። ቀኑ በቆጠራው ነው ወይስ በሰማዩ? ሰዓቱ የማን ነው? ሰማዩ የየት አገር ነው? ሦስቱንም ፈትሻችሁ አሁንም ከጣለው፣ ጣሉት። መስመሩን ለመልሱ ብላችሁ አትጠምዝዙ።

*ምንም ካልመጣላችሁ፦* አሥራ ሁለቱን ስም አውጡና ሰርዙ። ነፍስ ያለው ነው? ሰው ነው ወይስ እንስሳ? ቀንድ አለው? ውሃ ይነካል? በአራት ጥያቄ ሁለት ወይም ሦስት ስም ይቀራል።

*ጠያቂው ራሱ ከተሳሳተ፦* ይህም ያጋጥማል። «ከሌሊት ኮከብ ሁሉ ደማቁ ነኝ፣ በሰሜን ቆሜያለሁ» የሚል ሰምቻለሁ። የሰሜን ኮከብ ከደማቆቹ በደረጃ 48ኛ አካባቢ ነው፣ ደማቁ ሲሪየስ ነው። ልጅ ከሆነ የጠየቀው አታሳፍሩት። መልሱን የፈለገውን ስጡትና ስቴላሪየም ከፍታችሁ ሁለቱን ጎን ለጎን አሳዩት።

መለማመጃ

መልሱን ሸፍናችሁ በስድስቱ ደረጃዎች አሳልፏቸው።

አንድ፦
«ከአሥራ ሁለቱ መሀል ነፍስ የለኝም እኔ፣
የጊንጥ መቆንጠጫ ነው የቆመው በጎኔ።»

ሁለት፦
«መንትያ ነን ሁለት፣ ፊደሌ ሁለተኛ፣
ብርሃኔን ብታዩ ግን እኔ ነኝ አንደኛ።»

ሦስት፦
«አሥራ ሦስተኛ ነኝ፣ ሳልቆጠር እቀራለሁ፣
ፀሐይን በኅዳር መጨረሻ እቀበላለሁ፣
እባብ በእጄ ይዤ ጊንጥ ላይ ቆሜያለሁ።»

የመጀመሪያው ሚዛን ነው። ሁለቱ ደማቅ ኮከቦቹ ዙበንኤልገኑቢና ዙበንኤሽማሊ ይባላሉ፣ የደቡብና የሰሜን መቆንጠጫ ማለት ነው፤ ድሮ የጊንጡ ክንዶች ነበሩ። ሁለተኛው ፖሉክስ፤ «ፊደሌ ሁለተኛ» ያለው ቤታ ስለተባለ ነው። ሦስተኛው እባብ ያዡ፣ ኦፊዩከስ ነው። ፀሐይ ጊንጡ ውስጥ የምትቆየው ከኅዳር 14 እስከ 20 ገደማ ሳምንት ብቻ ነው፤ ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 8 አካባቢ የእባብ ያዡ እንግዳ ናት።